ሰሌዳውን በምን ልቁረጠው?

ሰቆጣ ውስጥ የሬድዮና የሶላር መጠገኛ ሱቅ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት፣ አለቃዬ ጋሼ ሞላ መዳፍ የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሰጡኝና «ለሁለት ክፈያት» አሉኝ። አንድ ጎኗ መዳብ የተለበጠ፣ ውስጧ የመስታወት ክር ነው። ትምህርት የጨረስኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ በሰሌዳ ላይ የሚነደፈውን ሁሉ በወረቀት አውቀዋለሁ። በምን እንደሚቆረጥ ግን ደብተሬ ውስጥ አልነበረም።

የቆርቆሮ መቀስ አነሳሁ። ጠርዙ ተሰነጠቀ፣ መዳቡ ተላጠ።

«ደብተርሽ ይሄንን አላስተማረሽም?» አሉኝ።

«ታዲያ በምን ልቁረጠው?»

«እንደ እጅሽ።»

እንደ እጄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም።

በኋላ በተከራየሁት ክፍል ለብቻዬ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ዓርብ ከሰዓት እመት ብርነሽ ከጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው መጡ። የጉድጓዳቸው ሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ተቃጥሏል።

«ትልልቆቹ ፍየሎች ወንዝ ይወርዳሉ። ግልገሎቹ ግን አይደርሱም፤ ሁለቱ ሞተዋል» አሉኝ። «ነገ ቀትር ላይ መነሳት አለብኝ፣ ልጄ።»

የቀረኝ አንድ ሰሌዳ ነበር። በሰጌቶ፣ በብረት መጋዙ፣ ጀመርኩት። ከመስመሩ ወጣ፤ ምላጩም ተሰበረ። ሌላ ስህተት ከጨመርኩ የቀረው ለመቆጣጠሪያው ሳጥን አይበቃም።

በማግስቱ ጠዋት እመት ብርነሽ ተመልሰው መጡ፤ አዲስ ምላጭ ሳስገባ አከራዬ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን እንደለበሱ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው! በግቢዬ መጋዝ ልታስጮኺ?»

«ፍየል በዓል አታውቅም፣ እትዬ» አሉ እመት ብርነሽ።

«ጎረቤት ግን ያውቃል!»

ግራ ገባኝ። ኃጢአቱ መቁረጡ ነው ወይስ ድምፁ? ግልገሎቹን ማስጠማቱስ? የተሰበረውን ምላጭ አንስቼ ጫፉን በእርጥብ ድንጋይ እንደ ጥፍር አጎበጥኩት። የብረት ማስመሪያ ሰሌዳው ላይ ጫንኩና መስመሩን ደጋግሜ ጫርኩ። ገልብጬ ሌላውንም ጎን ጫርኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጌ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር።

«እሱስ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ጽሕፈት ነው፤ ስትጭር አላዩም?» አሉ እመት ብርነሽ።

«ቀጭ የሚል ጽሕፈት አይቼ አላውቅም!» ብለው እትዬ አልማዝ እየሳቁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ቁራጩ ላይ መስመሮቹን ነድፌ ዕቃዎቹን በየድኩ፤ እመት ብርነሽ ቀትር ላይ መቆጣጠሪያውን በነጠላቸው ቋጥረው ወጡ። በሚቀጥለው ገበያ የመጣ ጎረቤታቸው ግልገሎቹ ፓምፑ ከሞላው ገንዳ እንደጠጡ ነገረኝ። በዓሉን መሻር አለመሻሬን ግን ዛሬም አላውቅም። ጋሼ ሞላ «እንደ እጅሽ» ያሉት ይህንን ይሁን ሌላ፣ እሱንም አላውቅም።

የማውቀው ይህን ነው። ቀጭን ሰሌዳ ቤት ውስጥ ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ ጫሪ ስለትና የብረት ማስመሪያ ይበቃል፤ ሁለቱንም ጎን መጫር ያስፈልጋል። ኩርባ ሲኖር ምላጩ ቀጭን የሆነ ሰጌቶ ይያዛል። በሁለቱም ጊዜ ሰሌዳው ይርጠብ፣ አፍንጫ ይሸፈን፤ የመስታወቱ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል።