ፍም የመሰለችው የመርካቶ መንታ

ሱቄ ስትቀላ ያየኋት በልጄ ኮምፒውተር ላይ ነው። ምን አለሽ ተራ እንዳለ፣ ከነጣሪያው ከነመተላለፊያው ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። ሌላው ሰፈር አረንጓዴ ነው። የእኔና የጎረቤቶቼ ሱቆች ብቻ ፍም መስለዋል።

ልጄ ኔትወርክ የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠዋት፣ "እማዬ፣ ይሄ የመርካቶ ዲጂታል መንታ፣ የኮምፒውተር ቅጂዋ ነው። አንቴናው ሳይተከል እዚህ ላይ እንሞክረዋለን። ችግር ሳይደርስ ያሳየናል" ብላኝ ነበር። አንዷ መርካቶ መች አነሰችንና መንታ ተጨመረልን አልኩ በልቤ። ከንግግሯ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ችግር ሳይደርስ ያሳያል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሱቄ ውስጥ ለእኔ አደራ ሰጥታ፣ መለኪያዋን ይዛ ኔትወርኩን ልትለካ ወደ መሳለሚያ ሄደች።

ትምህርቴ ብዙም ባይገፋም፣ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ምድጃ ሻጭ እሳት ስትፈራ ያስቃል፤ መርካቶ ውስጥ ግን የማይፈራ የለም። የከሰል ምድጃዎቼን እያወጣሁ መንገዱ ላይ እደረድር ጀመር።

ፊት ለፊቴ ቆርቆሮ የሚሸጡት ሽማግሌ አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ምን መጣ?"

"እሳት፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ አሳየኝ።"

"የት ጋ?"

"እኛው ጋ። ገና አልደረሰም።"

"ካልደረሰማ ጊዜ አለን" አሉና ቆርቆሯቸውን መጎተት ጀመሩ።

እኛ ተራ አንዱ ዕቃ ካወጣ ሌላውም ያወጣል። ለምን የሚባለው ዕቃው ከወጣ በኋላ ነው። ወዲያው ባልዲው፣ በርሜሉ፣ መጥበሻው መንገዱን ሞላው። ጭስ አለ ወይ ብሎ ቀና ያለ ሰው አልነበረም።

ልጄ በብረቱ ክምር መሃል እየተሹለከለከች መጣች።

"እማዬ፣ እዚህ ስደርስ ኔትወርኩ መለኪያዬ ላይ ድራሹ ጠፋ። መንታው ላይ እኮ መንገዱ ባዶ ነው። ኔትወርኩን የጋረደውን ይሄን ሁሉ ብረት ማን አወጣው?"

"እሳቱ ሳይደርስ ብለን ነዋ።"

"የቱ እሳት?"

ስክሪኑን አሳየኋት። ልትስቅ ብላ ፊቴን አይታ ተወችው።

"ቀዩ ኔትወርክ በደንብ የማይደርስበት ቦታ ነው፣ እማዬ። እዚህ ስልክሽ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።"

"ስልኳ እንደሚቆራረጥ ለማወቅ ነው ይሄ ሁሉ?" አሉ ጋሼ፣ ቆርቆሮውን እንደታቀፉ።

ሁሉም እያጉረመረመ ዕቃውን መለሰ። ሲወጣ የተረዳዳው ሰው ሲመለስ የለም። መንገዱ ሲጠራ ልጄ ደግማ ለካች። እኔ ምድጃዎቼን አስገብቼ ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። እሳት አልነበረም። ልጄም፣ ሱቄም፣ እኔም ደህና ነን።