ያልበላሁት የፋሲካ ድርሻ

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም፤ በካርታ ላይ የምትታወቀው በቁጥር ነበር። ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ምሽግ ቆፍረን ሁለት ወር የተቀመጥንባት ድንጋያማ ጉብታ ግን እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

የእኛ ጓድ አሥራ አንድ ወታደር ነበር። ከጌዴኦ የመጣነው እኔና በራሶ ብቻ ነን። እኔ የዲላ ከተማ፣ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ፤ እሱ የባንኮ ጎቲቲ ቡና ገበሬ ልጅ፣ ጴንጤ። አገር ቤት ብንሆን በመንገድ ተላልፈን የምንሄድ ሰዎች፣ እዚያ አንድ ብርድ ልብስ እንጋራ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ውኃ የሚያመጣልን ሾፌር አንድ ዶሮ ይዞ መጣ። እናቴ ከዲላ የላከችልኝን በርበሬ ለዚያ ቀን ብዬ ጾሙን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። እኛ ቤት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው። ፈረሰኛው ለአባቴ፣ ክንፉ ለእኔ፣ እያንዳንዱ ባለቤት አለው። እናቴ ብልት ስታወጣ ቢላዋዋ አጥንት አይሰብርም። ሁለት ወር ሙሉ የናፈቀኝ ያ ሥርዓት ነበር።

ሽንኩርት ልልጥ ዞር ስል በራሶ ዶሮውን በሳንጃ ከታትፎ ጠበቀኝ። ፈረሰኛው ሦስት ቦታ ተሰብሯል።

«ምንድነው ያደረግኸው?» አልኩት።

«አሥራ አንድ ሰው ነን፤ አሥራ አንድ ቦታ አደረኩት። ለሁሉ እኩል ነው» አለ።

«ዶሮ መገነጣጠል ሳታውቅ ማን ንካ አለህ? በዓሌን አበላሸህብኝ!»

ወጡ ሲደርስ አልበላም አልኩ። አሥር አለቃችን «ኧረ ተው፣ ሆድ ምን ያውቃል» ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። በራሶ ድርሻዬን በሳህን አድርጎ በሌላ ሳህን ከደነው።

«ሲርብህ ትበላለህ፣ ወንድሜ» አለኝ።

ፊቴን አዙሬ ጠመንጃዬን መወልወል ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድፍ ጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ እግረኛው መጣብን። በግራ በኩል ያለው ምሽግ ተመታ። በራሶ ጥይት ሊያቀብል ወደዚያ ሮጠ። አልተመለሰም። አመሻሹ ላይ ጸጥ ሲል ሳህኑ እንደተከደነ አገኘሁት፤ አፈር ለብሷል። መክፈት አልቻልኩም።

ከጦርነቱ በኋላ ባንኮ ጎቲቲ ሄጄ እናቱን አገኘኋቸው። ደግ ልጅ ነበር አልኳቸው። የዶሮውን ነገር አላነሳሁም፤ አፈርኩ።

ዲላ ተመልሼ ትዳር ስይዝ የበዓል ቀን የማልቻል ሰው ሆንኩ። አሥራ ሁለቱ ብልት በወጉ ካልወጣ ማዕድ አልቀርብም እል ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ችላኝ ኖረች። ያን ሁሉ ዓመት ትክክል እንደነበርኩ የማስረዳው ለሞተ ሰው ነበር፤ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ድሮ እናቴ ቤት ብልቱ ለተሰበሰበው ሰው አይበቃም ነበር። ዛሬ በማዕዱ ዙሪያ የቀረነው እኔና ልጄ ማርታ ነን።

ዘንድሮ ማርታ ሥራ በዝቶባት የተከተፈ ዶሮ ከሱቅ ገዝታ መጣች። የፋሲካ ዕለት ወጡን ስታቀርብ ፊቴን ፊቴን ታያለች።

«አባዬ፣ ጊዜ አጣሁ። ብልቱ አልወጣም፤ እንዳትቆጣኝ።»

ወጡን አየሁት። ፈረሰኛው ተሰባብሯል።

«እንዲህ ነበር የከተፈው» አልኳት።

«ማን?»

ነገርኳት። አሥራ አንድ ሆነን ወጣን፤ ስድስት ሆነን ወረድን። የአምስቱን ስም አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ በራሶን መጨረሻ ላይ። በጣም እንደሚናፍቀኝም ነገርኳት፤ ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም። ማርታ አንድ ቁራጭ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ።

ያን ቀን እምቢ ያልኩትን ዘንድሮ በላሁ።