ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ዛፍ

ለችግኝ ሻጯ አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ወገቧን ነው። ጠዋት ከቧንቧው ችግኝ እስከምትሸጥበት የአጥር ጥግ ውሃ በጀሪካን ትሸከማለች፤ ፀሐይ ሲበረታ ችግኞቿን ወደ ጥላ ታዞራለች፤ በመሀል ደግሞ «ይሄ ይጸድቃል ወይ?» ለሚል መንገደኛ ሁሉ ምላሷን ታደክማለች። ያን ሰኞ ግን ቀኑ ከወገቧ አልፎ አንጀቷን አሳረራት።

እዚያው ሰፈር ባለው አፓርታማ በር ላይ የቆሙትን ሁለት ዛፎች የተከለቻቸው እሷ ናት። ቁመታቸው ከሰው ብዙም አይበልጥም። የመጽሐፍ ስማቸው ፍራንጂፓኒ ነው፤ እሷ ግን ሲቆረጡ ነጭ ፈሳሽ ስለሚያወርዱ «ወተቶቼ» ትላቸዋለች። በበጋ ቅጠላቸውን አራግፈው እንደ አሮጊት ጣት ተቆላልፈው ይቆማሉ። ያኔ የትኛዋ ነጭ፣ የትኛዋ ቀይ እንደምታብብ የወለደቻቸውም አትለይም። ስለዚህ አበባው ሳይረግፍ በቀይዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች፤ የምታባዛው ከእሷ ቅርንጫፍ ነውና። በሰፈሩ ሌላ ቀይ የለም።

ሰኞ ስትደርስ ቀይዋ በቆመችበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

«ማን ነው የነቀላት?» አለች የአፓርታማውን ዘበኛ፣ ቀስ ብላ። እሷ የምታስፈራው ድምፅዋ ዝቅ ሲል ነው።

«የነዋሪዎቹ ኮሚቴ የደረቀው ይነቀል አለ። ሠራተኛው የቱ ነው ቢለኝ፣ ምልክት ያለበት አልኩት። ሊነቀል ካልሆነ ጨርቅ ምን ሊያደርግ ይታሰራል?»

«እንዳይነካ ነዋ!»

«እኔ በምን ልወቅ፣ እህቴ? ሁለቱም ደርቀዋል።»

የተረፈችውን ዛፍ ቅርፊት በጥፍሯ ጫር አደረገች። አረንጓዴ ወጣ። የዘበኛውን ጣት ይዛ እዚያው ላይ አሳረፈችው።

«ይሄ ደረቅ ነው? ፀጉሩ የረገፈ ሁሉ ሞቷል?»

ዘበኛው መላጣውን ዳሰሰ። «የእኔስ ተመልሶ አልበቀለም» አለ።

አልሳቀችም። «ቅርንጫፎቿስ?»

«በር ላይ ከምረናቸው መንገደኛ ሲያነሳ ነበር። የቀረውን የቆሻሻ መኪና ወሰደው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ» አለች ጀሪካኗን እያነሳች። «ያልጠረጠርኩት እኔ፣ የተመነጠረችው እሷ።»

ንዴቷ እስከ ዛሬ አልበረደም። ግን ቁጭ ብላ መብሰልሰሉን አልወደደችውም፤ ይህን የምታነቡትን አንድ ነገር ትለምናለች፦ ያን ሰኞ ከበሩ ቅርንጫፍ ያነሳችሁ ካላችሁ፣ አታንድዱት። የተቆረጠበት ቁስል እስኪደርቅ ጥላ ላይ አቆዩት፤ ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ትከሉት፤ ውሃ አታብዙበት፣ ይበሰብሳል። ቀይ ካበበ፣ ክንድ የምታህል ቁራጭ መልሱላት።

ብቻ ጨርቅ እንዳታስሩበት።