ግድግዳ የማይነቀንቅ መንቀጥቀጥ

ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በምድር መንቀጥቀጥ መከታተያ ጣቢያ ተቀምጦ የምድርን ትርታ ሲያዳምጥ ኖሯል፤ የሚስቱን ወሬ ግን አንድም ቀን በወጉ ሰምቶ አያውቅም። ይህን የምትለው ራሷ ሚስቱ ናት።

የወደቡ ሰዎች «ውሃ መጣ» እያሉ ይጠሩታል። ከሰባት ዓመት በፊት መስታወት ያረገፈ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ባሕሩ ሊወጣ ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ሳይረን አስነፋ፤ ከተማው ግልብጥ ብሎ ኮረብታ ወጣ። ባሕሩ ግን ፍንክች አላለም። ዓሣ ሻጮቹ ሲመለሱ ዓሣቸውን ድመት ደግሶበት አገኙት። አማቱም ከሻጮቹ አንዷ ናቸው።

«የኔ ምሁር፣» ይሉታል እስከ ዛሬ፣ «ዛሬ ውሃው ይመጣል ወይስ ልብሴን ልጠብ?»

እሱ ስህተቱን ፍለጋ የድሮ መዝገቦችን ሲያገላብጥ ከረመ። ልኬቱ ሁለት ነው፤ አንዱ መሬቱ ምን ያህል እንደተንሸራተተ፣ ሌላው ምን ያህል ጉልበት እንደረጨ ይናገራል። የጣቢያው ሰዎች ሲደነግጡ የኖሩት ለጉልበቱ ነበር። ያገኘውን ለሚስቱ ሲያስረዳ፣

«ቁም ሳጥን በኃይል ብትገፊው ጎረቤት ይሰማል። ቀስ ብለሽ ብትገፊው ማንም አይሰማም፤ ቁም ሳጥኑ ግን ቦታውን ለቋል። የባሕር ወለልም ቀስ ብሎ ሲነሳ ቤት አያናጋም፣ ውሃውን ግን ተሸክሞት ይነሳል» አላት።

«ታዲያ የኛን ቁም ሳጥን መቼ ነው የምትገፋልኝ?»

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መሬት ተወዛወዘ፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳይንኳኳ ሁለት ደቂቃ ቆየ። በዕድሜ የምታንሰው አለቃው ስክሪኑን አይታ ተነፈሰች።

«ጉልበቱ ትንሽ ነው ጋሼ። ተመስገን፣ ሳይረኑን እንተወው።»

«የመንሸራተቱ መጠንስ?»

«እሱማ ትልቅ ነው፤ ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው።»

«ለዚህ መጠን ጉልበቱ አንሷል። የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ነው፤ ንፊው።»

«ሁለተኛ ከተሳሳትን እኮ ስማችን ይጠፋል፤ ዳግመኛ የሚሰማን የለም!»

«ለስሙ እንደሆነ ቀድመው አውጥተውልኛል።»

ሳይረኑ ጮኸ። በመስኮት ቁልቁል ሲያይ ግን ገበያው ንቅንቅ አላለም። ለአማቱ ደወለ።

«ደሞ ጀመረህ?» አሉት። «የሚዛኔ ሰሃን እንኳ አልተነቃነቀም!»

«እማማ፣ የፈራሁት ለዚሁ ነው።»

«ድመቶቹ ልከውህ ነው አይደል?»

«እማማ፣ ለምኜዎት አላውቅም። ዛሬ ለመንኩ።»

ቀጥሎ የሰማው የበርጩማ መንኳኳትና የአማቱን ጩኸት ነው፦ «ተነሱ እናንተ! ይሄ ልጅ ድምፁ ልክ አይደለም!» ከሁሉ በላይ ሲስቁበት የኖሩት እሳቸው መንገድ ሲጀምሩ፣ ሌላው ምን ብሎ ይቀመጥ? ገበያው ተከትሏቸው ወጣ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባሕሩ መጥቶ ገበያውን ጠረገው። ድንኳንም ጀልባም አልተረፈም፤ ሰው ግን አንድም አልጎደለም።

ሰውዬው ኮረብታው ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ ታች ያያል። አማቱ ከተቀመጡበት ድንጋይ ፈቀቅ አሉለት።

«ሚዛኔን ልያዝ ብል ፋታ አሳጣኸኝ» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። «አሁንስ፣ ወርደን የተረፈውን እንልቀም?»

«ገና ነው እማማ። ሌላ ማዕበል ይከተላል።»

ጥቂት ሰዎች ቁልቁለቱን ጀምረው ነበር። አሮጊቷ ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው? አልሰማችሁም? እሱ እስኪል ድረስ ማንም ንቅንቅ እንዳይል!»