አዲሱ ጎማ ለአባቴ

ይህ የሆነው አምና፣ የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ነው። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ብለው "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ሲሉኝ የባሰ እናደዳለሁ። ጎማውን የመረጠው እግዚአብሔር አይደለም፤ እኔ ነኝ።

አባቴ ከጨንቻ ትንሽ ወጣ ባለች መንደር የሚኖር ሸማኔ ነው። ስድስታችንን አሳድጎ ያስተማረን በዚያ እጁ ነው። አምና ዓይኑ እየደከመ መጣ። ጋቢውን ይሠራል፣ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ክሩ ይጠፋበታል። አንድ ቀን ጎረቤት ጠርቶ ክር ሲያስቆጥር አየሁት። አርባ ምንጭ ላሳክመው ቀጠሮ ያዝኩለት።

እኔ አርባ ምንጭ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለመስክ የምመላለስባት ሞተር አለችኝ። በዝናብ ጊዜ እነሱ መንደር መኪና ስለማይገባ በእሷ ላመጣው አሰብኩ። ችግሩ፣ የሁለቱም ጎማዎቿ ጥርስ አልቆ ነበር። ከተማውን ሙሉ ዞሬ በእኔ ሞተር ልክ ያገኘሁት አንድ ጎማ ብቻ ነው።

ጎሚስታው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የት ላስገባው ሲሉኝ የኋላ አልኳቸው። "ለእኔ ቢሆን የፊት ነበር የማስገባው" አሉ። ሳቅኩ። ብዙዎቻችን ሞተረኞች የፊት ጎማን ከቁም ነገር አንቆጥረውም። ጭነቱም ሰውም ያለው ከኋላ ነው፣ ቶሎ የሚበላውም የኋላው ነው። ከኋላ የሚቀመጠው አባቴ ነው አልኳቸው። እሳቸውም የኋላውን ጎማ መፍታት ጀመሩ።

መንደር ስደርስ አዲሱን ጎማ ለእሱ ብዬ እንዳስገባሁ ለአባቴ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በጣቶቹ ዳሰሰው። በጣም ደስ አለው።

በማግሥቱ ጠዋት በካፊያ ወረድን። የጨንቻን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። መታጠፊያው አያልቅም፣ ከብቶች ከማሳ ይዘውት የወጡት ቀይ ጭቃም መንገዱ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። አንዱ መታጠፊያ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲሻገሩ ድንገት ፊታችን ሆኑ። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ያዘ። የፊቱ ግን ሳሙና የረገጠ ይመስል ወደ ጎን ሄደ። በቀኝ በኩል ወደቅን። አባቴ ቀኝ እጁን ቀድሞ ዘረጋ።

እኔ ክንዴ ተላጠ እንጂ ደህና ነበርኩ። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት የኋላውን ጎማ ነው። ሞተሯ ስላልጠፋች በአየር ላይ ይሽከረከራል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የላስቲክ ፀጉር እንኳ ገና አልረገፈም። ከዚያ አባቴን አየሁት። እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ቁጭ ብሏል። ሴቶቹ እንጨታቸውን ጥለው መጡ። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ እጁን አሰረችለት። ከላይ የመጣ የጭነት መኪና ጭኖ አወረደን።

የእጁ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ጄሶው ሲወልቅ ሦስት ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ዓይኑንም በኋላ አሳከምኩት፤ አሁን በመነጽር ክሩ ጥርት ብሎ ይታየዋል። መወርወሪያውን መያዝ ግን አይችልም። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ የሚባለው እኔን ነው።

ሞተሯን ላሠራ ስሄድ ጎሚስታው ጋ ጎራ አልኩ። ነግሬህ ነበር አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የፊት ጎማውን በመዳፋቸው አሹት። "የኋላው ቢከዳህ እየተወዛወዝክም ቢሆን ሞተሯን ትይዛት ይሆናል" አሉኝ። "የፊቱ ከከዳህ ግን ጊዜ አይሰጥህም፣ ልጄ።" አዲሱን ፊት አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቆመን ነበር። ይቺ "ምናልባት" ናት እንቅልፍ የነሣችኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ መንደር ሄጄ እሑድ አብሬው ቸርች ገባሁ። አባቴ ለምስክርነት ተነሣ። በጋሞኛ ነበር የተናገረው። "ልጄ አሮጌውን ለራሱ ትቶ አዲሱን ጎማ ከእኔ ሥር አስገባልኝ" አለ። "ያ ጎማ ባይኖር ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።" ጉባኤው አሜን አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም አሜን አልኩ። እንደዚያን ቀን አፌን መሮኝ አያውቅም።

የጣለን አሮጌው የፊት ጎማ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እዚህ መጻፍ የደፈርኩትም አባቴ አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ነው። ብነግረው ወዲያው ይቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሊጠይቀው ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያንን ጎማ ያወራል፤ ሲያወራም ፊቱ ይበራል። እጁን እኔ አሳጣሁት። "ልጄ ደጉን ለእኔ ሰጠኝ" የሚለውንም ካሳጣሁት ምን ይቀረዋል?