የከርከዴ ውሃ ለእህቴ ፀጉር

ከርከዴ ፀጉር ያበቅላል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አያበቅልም። ታላቅ እህቴ ያበቅላል እያለች፣ እኔ አያበቅልም እያልኩ ስንሟገት ኖረናል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። የደረቀ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ፎረፎር ያጠራል፣ ሚዶ ሲገባ የሚሰበረውን ይቀንሳል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ በሚኒሶታ ብርድ፣ ሂተሩ ቤቱን አድርቆት ፀጉራችን እየተሰባበረ ትራስ ላይ ሲቀር።

እህቴ አሠራሩን የተማረችው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ከወሎ ወጥተን እዚያ በተቀመጥንባቸው ዓመታት አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤት ነበረችን። አገሬው ከርከዴን ይጠጣዋል፤ ሴትዮዋ ግን የተረፈውን ራሷ ላይ ታፈስሰው ነበር። እህቴ አየችና ያዘችው። የደረቀውን ቀይ አበባ በፈላ ውሃ ትዘፈዝፋለች፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ታጠልለዋለች። ከዚያ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ ዝልግልግ ያለ አብሽ ትጨምርበታለች። አብሹን ከማን እንደተማረች ብጠይቃት "ከራሴ" አለችኝ። ፀጉር ላይ ስትሆን ማንንም አታስቀድምም ነበር።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሚኒያፖሊስ ስንገባ እኔ ሲዋርድ፣ እሷ ኮሎምቢያ ሃይትስ ተከራየን። እሷ ኩን ራፒድስ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ልብስ እያጠፈች ትሠራ ነበር። እሁድ እሁድ ከሰፈሬ የሶማሌ ሱቅ ከርከዴ ገዝቼ በአውቶቡስ እሄድና መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ አንዳችን የሌላችንን ራስ እናጥባለን። ፎጣዎቿ በሙሉ ቀይ ነጠብጣብ ነበረባቸው። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። በሂጃብ የሚውል ፀጉር ስለሆነ ከቤተሰብ በቀር ያየው ሰው የለም፤ እሷ ግን ሁሉም ሰው እንደሚያየው አድርጋ ትይዘው ነበር።

ከዚያ ታመመች። ጉበቷ ነበር። ሆስፒታል ገብታ ሳምንታት በጀርባዋ ተኛች፤ ያለ ሰው እርዳታ መገላበጥ እንኳ አቃታት። የጭንቅላቷ ኋላ ከትራሱ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ፀጉሯ ተጠላልፎ እንደተረገጠ ሱፍ አንድ ላይ ያዘ። አንድ ቀን ጠዋት ነርሷ ልታስተካክለው ሞከረችና ተወችው። ክፉ ሴት አልነበረችም። ሕመምተኛዋን ከማሠቃየት ቢቆረጥ ይሻላል አለችኝ፤ መቀሱን እሷ ራሷ እንደምታመጣ፣ በደንብ አድርጋ እንደምታሳጥረው ነገረችኝ።

እህቴ የእጄን አንጓ ያዘች። ያን ያህል ጉልበት የቀራት አይመስለኝም ነበር።

"ፀጉሬን ካት እንዳታደርገኝ" አለች በአማርኛ። "እንዳታስነኪኝ።"

ነርሷን እስከ ሰኞ ጊዜ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ፈቀደችልኝ። ዶክተሮቹ ስለ ጉበቷ የነገሩን ነገር ከአቅሜ በላይ ነበር፤ በዚያ በኩል የማደርገው አልነበረኝም። ያ ፀጉር ግን እጄ ላይ ያለ ነገር ነው። መቀስ ሳይነካው መፍታት አለብኝ። ሌላው ሁሉ የተበላሸውን በዚያ የምክስ ይመስል ልቤን ሁሉ እዚያ ላይ ጣልኩት።

ቅዳሜ ከርከዴውን ከነአብሹ አዘጋጅቼ በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩ። አልጋው አጠገብ አስቀምጬ ሳፋና ፎጣ ልለምን ወጣሁ። ስመለስ ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቷል። የአገራችን ሰው፣ አንዱ ታመመ ሲባል አንድ ሁለት ሆኖ መምጣት አያውቅም። ሁሉም የወረቀት ኩባያ ይዘው ይጠጣሉ። ሕመምተኛ አጠገብ ፔርሙዝ ሙሉ ከርከዴ ያገኘ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ለጠያቂ የተዘጋጀ መስሏቸው ተቀዳድተውታል። አንድ ሽማግሌ ዝልግልጉን በጨዋ ደንብ ዋጥ አድርገው "አብሽ አለበት መሰለኝ፣ ለሆድ መልካም ነው" አሉ። እህቴ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። ሳቅ ነው። እያመማት እንኳ ሳቋን መመለስ አቃታት። እኔ አልሳቅሁም፤ ፊቴን አጥቁሬ ባዶውን ፔርሙዝ ከደንኩት። ነገሩን ቢያውቁ ኖሮ ሽማግሌው በዚያው ይታመሙ ነበር።

እሁድ እንደገና አፍልቼ መጣሁ። በሩን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ ከራሷ ሥር ላስቲክና ፎጣ አነጠፍኩ። ውሃውን በትንሽ በትንሹ እያፈሰስኩ ፀጉሩ ጠጥቶ እስኪርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ከጫፉ ጀመርኩ። መጀመሪያ በጣቴ፣ ሲላላ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ። ተጣብቆ የነበረው አንዱ ከሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይለቃል። ነርሷ ገብታ ትራሱ በቀይ መራሱን ስታይ በር ላይ ደነገጠች፤ ደም መስሏታል። አበባ ነው አልኳት። ጠጋ ብላ አሸተተችና አንድ ደረቅ ፎጣ ጨምራልኝ ወጣች። እህቴ ስትተኛም ስትነቃም እኔ አልተውኩም። የረገፈው ጥቂት አልነበረም፤ መቀስ ግን አልነካውም። በመጨረሻ ሚዶው ከአናቷ እስከ ጫፉ ወረደ። ደስ አለኝ። እንደዳነች ያህል ነው ደስ ያለኝ።

"ሁለት አድርጌ በትከሻሽ ልልቀቀው?" አልኳት።

"ሦስት" አለች። "ሦስት አድርጊና ወደ ኋላ ልቀቂው።"

እጄ ቆመ። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ሴት ስትሞት የሚያጥቧት ሴቶች ፀጉሯን ሦስት ጎንጉነው ወደ ኋላ ነው የሚለቁት።

"እትዬ፣ እንደሱ አትበይ።"

"ምን አልኩሽ? ፀጉር ሥሪኝ ነው ያልኩት። ሲያጥቡኝ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ተያይዞ ቢያገኙት እነሱም መቀስ ነው የሚያነሡት። የማላውቃቸው ሴቶች ናቸው፤ ላስቸግራቸው አልፈልግም።"

እኔ ለመዳን የምትታገል መስሎኝ ነበር። ሳላውቅ ለመሄድ ሳሰናዳት ነው የዋልኩት። አለቀስኩ፣ ግን ሦስት አድርጌ ሠራኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። "አልሐምዱሊላህ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሳምንቱ ሳይሞላ ሞተች። ስትታጠብ ከሴቶቹ ጋር ልግባ ብዬ ጠየቅሁ፣ አስገቡኝ። ትልቋ ሴትዮ ጉንጉኖቹን ፈታች፣ የቁርቁራ ቅጠል በገባበት ውሃ ራሷን አጠበችና ሚዶውን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"እህቷ ነሽ፤ አንቺ አበጥሪያት" አለችኝ። "ቀስ ብለሽ።"

ከአናቷ ጀመርኩ። ሚዶው የትም ሳይያዝ ጫፉ ድረስ ወረደ። እንደገና አስገባሁት፣ እንደገና ወረደ። ሴትዮዋ እንዲህ በደንብ የተያዘ ፀጉር ብዙ አይገጥመንም አለች። እኔ ቋጠሮ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። አንድ የተያያዘ ነገር ባገኝ እሱን እየፈታሁ ራሷ ላይ ትንሽ እቆይ ነበር። በግራም በቀኝም ፈለግሁ፣ ምንም አላገኘሁም። ሴትዮዋ ጥቂት ጠበቀችኝና ሚዶውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።