ማይክሮፎን የማይገባበት ዜማ

ሲያትል ውስጥ የድምፅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የአዳራሹን ወንበሮች ሁሉ ወደ ምሥራቅ ደርድሬ፣ ማይክሮፎኑን ፊት ለፊት ተክዬ ጠበቅሁ። የመጡት ሰዎች ሳቅ ብለው ወንበሮቹን በክብ አዞሯቸው። ፔገን ናቸው፤ ከክርስትና በፊት የነበሩትን አማልክት የሚያመልኩ። እነሱ ዘንድ ፊትና ኋላ የለም።

አማተብኩ። አለቃዬ ጋሽ ተፈራ አይተውኝ ኖሮ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ስማ ወንድሜ፣ እኛ ሳውንድ ነው ሴታፕ የምናደርገው። ጸሎቱ የነሱ ነው። ኦኬ?»

«ኦኬ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ሠራሁላቸው።

በየመኸሩ ማብቂያ ለሙታናቸው ያዜማሉ። አንዱ የሟቹን ስም በዜማ ይጠራል፤ ክቡ ሁሉ ተቀብሎ ስሙን ይመልሳል። የሚጠራው በገዛ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ማይክሮፎን ነውር ነው። የእኔ ሥራ የመግቢያውን ንግግር ማሰማት ነበር።

አንድ ዓመት ኤለን የሚባሉ አሮጊት ከሥርዓቱ ቀደም ብለው መጡ። ሳንባቸው ታሞ አፍንጫቸው ላይ የኦክሲጅን ቱቦ ሰክተዋል።

«አምና ልጄን ጠራኋት። ማንም አልሰማኝም፤ ስሟ ሳይመለስ ቀረ» አሉኝ። «ለከርሞ መድረሴን እንጃ።»

«ትንሿን ማይክ ልብስዎ ላይ ልሰካት?»

«አይሆንም። እሷን በትንፋሼ ነው የምጠራት።»

እኔ የማውቀው ድምፅ ማጉላት ነው፤ እሳቸው ደግሞ እሱን አይፈልጉም።

ቆሜ አዳራሹን አዳመጥኩት። ማሞቂያው ያጓራል። የጓዳው ፍሪጅ ያንጎራጉራል። የራሳቸው የኦክሲጅን ማሽን ከጎናቸው ያንኮራፋል። ጋሽ ተፈራን አስፈቅጄ ማሞቂያውንና ፍሪጁን አጠፋሁ። ኤለን ከቦርሳቸው ረጅም መቀጠያ ቱቦ አወጡ፤ ማሽኑን ኮሪደር ላይ አስቀምጠን በሩን ገርበብ አደረግነው። ስፒከሮቼም እሽሽ ይላሉና ከንግግሩ በኋላ ዘጋኋቸው። ዜማውን የሚያጅቡትን ከበሮ መቺዎች፣ «የኤለን ተራ ሲደርስ እባካችሁ እጃችሁን አሳርፉ» ብዬ ለመንኩ።

ቤቱ በረደ። ሰዉ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆመ። ኤለን ተራቸው ሲደርስ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ «ሣራ» ብለው አዜሙ።

ክቡ በሙሉ «ሣራ» ብሎ መለሰ። እኔም ከጠረጴዛዬ ኋላ ሳላስበው መልሼ ነበር። አሮጊቷ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ድምፅ አልሰማ ሲላችሁ ማጉያውን ከመንካታችሁ በፊት ክፍሉን ዝም አሰኙት።